ኾበር ያገኘኋት አቦሸማኔ

መነሻ፣ ኮምቦልቻ

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ ተደፍኖ በዋለበት ቀን ነው። ታናሽ እህቴ ሰኪና ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸክማ ሸኘችኝ። ሻንጣው ውስጥ ለእናቴ በርበሬና ሽሮ፣ ለራሴ ጥቂት ልብስ፣ እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲ የተዋስኩት ስለ ሥጋ በል እንስሳት አያያዝ የሚያትት ወፍራም መጽሐፍ ነበር።

"እማን አርጅተሻል እንዳትያት" አለችኝ ሰኪና አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል።

እናታችን ፋጡማ ዐረብ አገር ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አርጅታም ከሆነ የማውቀው ከስልክ መስታወት ላይ ብቻ ነው። ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ናት። እኔ የዱር እንስሳት አያያዝና ጥበቃ የዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ይህን ትምህርት ስመርጥ ዘመድ አዝማዱ "ነርስነት ምን ሆነና ነው?" ሲለኝ እሷ ብቻ "የወደድሽውን ተማሪ" ብላ በላቧ በወዟ አስተማረችኝ።

ያስነሳኝ ግን ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። የአሠሪዬ የማዳም ትልቁ ልጅ ድመት ገዝቶ መጥቷል፣ የማበላው እኔ ነኝ፣ አለች። ከፍቼ ሳየው ድመት አልነበረም። የአቦሸማኔ ግልገል ነበረች፤ የፊት እግሮቿ ተወልግደው፣ ልትነሳ ትሞክርና በደረቷ ትወድቃለች።

"አንቺ የምትማሪው ይሄን አይደለም ወይ?" ይላል የእናቴ ድምፅ ከቪዲዮው ቀጥሎ። "ምን ላድርጋት? ቀን ቀን ሰው ሲወጣ ትጮኻለች። እኔ አላውቅባትም።"

በስልክ የምችለውን ሁሉ ነገርኳት። አጥንት ያለው ሥጋ ስጫት፣ ፀሐይ አሙቂያት አልኳት። ልጁ አጥንት እንዳትሰጪ ብሎ እንደከለከላት፣ ወደ ውጭም ማውጣት እንደማትችል መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቼ ስለ አቦሸማኔ ሲወራ መስማት አቃተኝ። መካን ለመጎብኘት በሚሰጠው የዑምራ ቪዛ መሄድ እንደሚቻል ስሰማ ነገሩን ብዙ አላሰላሰልኩም።

ሸዋ ሮቢት ላይ ለፍተሻ ወረድን። ደብረ ሲና ምሳ በላን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዶ ስለነበር ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ አዘገመ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስለ አጥንት መሳሳት የሚለውን ምዕራፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ካልሲየም ያልበላ ግልገል አካሉ ከራሱ አጥንት እየቀማ ይኖራል ይላል። ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ከመካ ወደ ደማም

ዑምራዬን አብሮኝ ከበረረው የተጓዦች ቡድን ጋር ፈጸምኩ። ሙቀቱና ግፊያው እግሬን አሳብጦት ነበር፤ ያም ሆኖ ልቤ ረግቶ ነበር። ዱዓዬ ውስጥ እንስሳ ማስገባት ይገባ አይገባ አላውቅም፤ ከእናቴና ከእህቴ ቀጥዬ አስገባኋት።

ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግጄ የደማሙን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ አሸዋ፣ ግመል ወደ አስፋልቱ እንዳይወጣ የተዘረጋ የሽቦ አጥር፣ አልፎ አልፎ ነዳጅ ማደያ። ማደያ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ይሰግዳል፣ የወተት ሻይ በወረቀት ኩባያ ይገዛል፤ አንድ ኩባያ ሁለት ሪያል ነው። ሩዝ በዶሮ የገዛነው ከጎኔ ከተቀመጠችው የከሚሴ ሴት ጋር ለሁለት ነበር። ሪያድ ነው የምትሠራው።

"የምን ትምህርት ነው የምትማሪው?" አለችኝ።

"የዱር እንስሳት።"

"ለአውሬም ይማራሉ እንዴ?"

"ይማራሉ።"

ትንሽ አሰበችና "እኛ ቤት ያለው ወፍ ብቻ ነው" አለች። "ጭልፊት። ከልጆቹ የተለየ ክፍል አለው። የኔ ክፍል መስኮት የለውም፤ የሱ አለው።" ይህን ስትል አልተማረረችም። ሩዟን ጨርሳ ተኛች፤ ሪያድ ስንደርስ ነቅታ በሰላም ግቢ ብላኝ ወረደች።

ከሪያድ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም። ወገቤ ደንዝዟል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆጠቁጠኛል። ደማም ስንደርስ የምሽቱ የዒሻ ሶላት ተሰግዶ ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ መነጽሬ በአንዴ በጉም ተሸፈነ። አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደጣሉበት ነው።

አል ነኺል

አጎቴ ሰይድ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ደማም ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ልጆቹ እዚያው ተወልደው አድገዋል፣ አማርኛውን ይሰማሉ እንጂ መልስ የሚሰጡት በዐረብኛ ነው። ሥራው የቤት አየር ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። በዚህ በሙቀቱ ወር ሰው ሁሉ ስለሚፈልገው ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ይውላል፤ የራሱ ፒካፕ መኪና ግን ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል። በዚያ መኪና መስኮት ከፍተን አል ነኺል ወደሚገኘው ቤቱ ገባን።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አወራኝ።

"ፋጤ ስለ አውሬው ነግራኛለች" አለ። "ተማሪ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የእናትሽ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ባስመጣት ሰው በካፊሏ እጅ ነው። ካፊሏ የማዳም ባል ነው። እሱ ቅር ካለው ኹሩጅ መትቶ ይልካታል።"

"ኹሩጅ መውጫ ፈቃዱ ነው?"

"አዎ፣ የመጨረሻው። ሄዶ መቅረት። እሱም ደግ ከሆነ ነው፤ ክፉ ከሆነ ጠፍታለች ብሎ ያመለክትባትና መንገድ ላይ ትያዛለች። የሰኪና ትምህርት አለ። ያንቺም አላለቀም።"

"አጎቴ፣ ግልገሏ እኮ እየሞተች ነው።"

"ሰምቻለሁ" አለ። "እኔ አትሂጂ አላልኩሽም። ስትናገሪ ማን እንደሚከፍልበት አስቢ ነው ያልኩሽ።" ተነስቶ ሊታጠብ ሄደ። ሚስቱ ዘሀራ ምግብ አቀረበች።

አል ራዋቢ

ከደማም ኾበር በመኪና ቅርብ ነው፤ የት ላይ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ አይታወቅም። አል ራዋቢ ረጃጅም አጥር ያላቸው ቪላዎች የተደረደሩበት፣ ቀን ላይ መንገዱ ሰው የማይታይበት ሰፈር ነው። አጎቴ በሠራተኞች በር በኩል አወረደኝ። ማዳም እናቴን እንድጠይቅ ፈቅዳ ነበር።

እናቴ በኩሽናው በር ወጣች። አጥራለች። ወይም እኔ ረዝሜያለሁ። አቅፋኝ ቆየች፤ እጇ በረኪና በረኪና ይላል። ከዚያ ራቅ አድርጋ አየችኝና "ከስተሻል" አለችኝ። እኔ ልላት የነበረውን እሷ ቀደመችኝ።

ግልገሏ ያለችው ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ነው። የሩዝ ጆንያና የተጠቀለለ ምንጣፍ ተደርድሯል። መስኮት የለም። ማቀዝቀዣው ይንቀጠቀጣል። እናቴ መብራት አብርታ "ሚስኪን፣ ሚስኪን" ስትል ከምንጣፎቹ ኋላ እንደ ጫጩት ያለ ድምፅ መለሰላት። ልጁ ዓንበር ብሏታል፤ እናቴ ግን ሚስኪን ካለቻት ቆይታለች።

አቦሸማኔ እንደ ወፍ እንደሚጮህ ተምሬ ነበር። ከስላይድ ላይ አንብቤዋለሁ። አገሬ ቆላው ውስጥ አቦሸማኔ አለ፤ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ግን አንዲትም አይቼ አላውቅም። ከዚያው ከእኛ አካባቢ እየተያዙ በጀልባ እንደሚሻገሩ መምህራችን ሲናገር ማስታወሻ ይዤ ነበር። አሁን በኾበር መጋዘን ውስጥ ተንበርክኬ በጣቴ የጀርባዋን አጥንት እዳስሳለሁ። ጎርባጣ ነው። የፊት እግሮቿ ቀስት ሆነዋል፣ ድዷ ነጥቷል። ፊቷ ላይ ከዓይኗ እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር ግን ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው። እናቴ ጭንቅላቷን በመዳፏ ደግፋ ይዛልኝ ነበር። ግልገሏ የእናቴን አውራ ጣት ትልሳለች።

"ምን ትላለሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ሐኪም ያስፈልጋታል። እዚህ መኖር የለባትም፣ እማ። ሕጉም ይከለክላል።"

"እሱን እሱ ያውቃል" አለች በቀስታ፣ በሩን እያየች።

ልጁ ፈይሰል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ አይበልጥም። ክፉ ሰው አልመሰለኝም። በእንግሊዝኛ ሰላም አለኝ፤ ግልገሏን አንስቶ አገጯን አሻሸ፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኝ። ሁሉም ላይ ታምራለች። ሁሉም ላይ ግን ተቀምጣለች ወይም ሰው አቅፏታል።

"አጥንቷ ታሟል" አልኩት። "አጥንት ካልበላች፣ ፀሐይ ካላገኘች ይሰበራል።"

"የሸጠልኝ ሰው አጥንት ያንቃታል ብሎኛል። ትንሽ ስለሆነች ነው። ስታድግ ትጠነክራለች።"

"ከየት ነው የመጣችው?"

"ከአፍሪካ" አለ፣ የሆነ ሱቅ እንደሚጠቁም ሰው።

የማውቀውን ሁሉ አስረዳሁት። ሲሰማኝ ቆየና ስልኩ ጠራ። እየወጣ እናቴን በዐረብኛ አንድ ነገር አላት። ምን አለሽ ስላት "ልጅሽ ብዙ ትናገራለች አለኝ" አለችና የግልገሏን ሳህን አንስታ ልታጥብ ሄደች።

ኒስፍ አልቀመር

ዐርብ ዕለት ቤተሰቡ ወደ ኒስፍ አልቀመር ወጣ። ከኾበር በስተደቡብ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው፤ አሸዋው ከውሃው አጠገብ ድረስ ኮረብታ ሆኖ ይወርዳል። ሰዎች ለአንድ ቀን የሚከራዩአቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። ማዳም እናቴን "ልጅሽም ትምጣ፣ ታግዝሽ" ስላለቻት ከመኪናው ኋላ፣ ከምግቡ ዕቃ ጋር ተቀመጥኩ። የማዳም ትንሿ ልጅ ሉጃይን እናቴ ጭን ላይ ተኝታ ሄደች። እናቴ ቪላው ውስጥ ከገባች በኋላ የተወለደች ልጅ ናት፤ ያሳደገቻት እናቴ ናት። ፀጉሯን እየደባበሰች በዐረብኛ ስታባብላት ሰምቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ድሮ በአማርኛ ነበር የምሰማው።

ሙቀቱ በረድ እስኪል ሁላችንም ውስጥ ነበርን። እኔና እናቴ ዓሣ አጠብን፣ ሩዝ ለቀምን። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የፈይሰል ጓደኞች መጡ። ፈይሰል አብሮ ያመጣትን ግልገል ከቤቱ አውጥቶ የመኪናው ቦኔት ላይ አስቀመጣት። ጓደኞቹ ስልካቸውን ደቅነው ከበቧት፤ አንዱ ከታች ሆኖ ሥጋ እያሳየ ጠራት። ከኩሽናው መስኮት አየሁና እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። "አታስዘልላት" ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ። ሳልደርስ ዘለለች።

ከፍታው ማንኛዋም ጤነኛ ድመት የምትዘለው ነው። አሸዋው ላይ ስታርፍ አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። እንደ ጫጩት መጮኋን አቆመች። የግራ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር።

ልጆቹ ስልካቸውን አወረዱ። ፈይሰል ፊቱ ነጥቶ አሸዋው ላይ ተንበረከከና ሊያነሳት ሲል እጁን ያዝኩት። የእናቴን ነጠላ አንስቼ ስር ስሯን አስገብቼ፣ እግሯን ከአንድ ጣውላ ቁራጭ ጋር አስጠግቼ አሰርኩት። ይህን በእንስሳ ላይ ሠርቼው አላውቅም፤ በአሻንጉሊት ላይ ብቻ ነው የተለማመድነው።

"ቤት ወስጄ እኔ አስራታለሁ" አለ ፈይሰል። "ሐኪም ዘንድ ከሄደች ፖሊስ ይመጣል።"

ማዳም ወጣች። ረጅም፣ ደከም ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ልጇን፣ ግልገሏን፣ እኔን አየችና ወደ እናቴ ዞራ ጠየቀቻት።

"ልጅሽ ምን ትላለች ነው የምትለኝ" አለች እናቴ። "ተናገሪ። እኔ እተረጉምልሻለሁ።"

የአጎቴ ቃል መጣብኝ። ከእኔ አፍ የሚወጣው ነገር በእናቴ አፍ ማለፍ ነበረበት።

"አሁኑኑ ሐኪም ካላያት ትሞታለች በያት" አልኩ። "ብትድንም ለመንግሥት ሰዎች ካላስረከቧት አጥንቷ መልሶ ይሰበራል። ራሳቸው ደውለው ቢያስረክቧት ይሻላቸዋል በያት።"

እናቴ መናገር ጀመረች። ያልኩት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እናቴ ግን ንግግሯን አላቆመችም። ድምፅዋ ከፍ አላለም። እጆቿን በሽርጧ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ከማዳም ዓይን ሳትነቅል ተናገረች። ፈይሰል መሀል ገብቶ ሊያስቆማት ሞከረ፤ ማዳም እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። እናቴ ስትጨርስ ማዳም ወደ ባሕሩ አየች።

"ኸላስ" አለች። በቃ ማለቷ ነው። ሾፌሩን ጠራችው።

መኪናው ውስጥ ግልገሏን ታቅፌ "ምን አልሻት?" ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

"ያልሽውን አልኳት።"

"ብዙ ተናገርሽ እኮ።"

ነጠላውን ግልገሏ ላይ አስተካከለች። "ጩኸቷን የምሰማው እኔ ነኝ አልኳት። እናንተ ስትወጡ፣ ስትተኙ፣ እኔ ነኝ ያለሁት። ሥጋ እየሰጠሁ እየገደልኳት እንደሆነ ልጄ ነግራኛለች። አላህ ሲጠይቀኝ ፈይሰል ነው ያዘዘኝ ብዬ ማምለጥ አልችልም። ከዛሬ ወዲያ አላበላትም አልኳት።"

ኾበር፣ ክሊኒኩ

ሐኪሟ ዶክተር ኢብቲሳም ሱዳናዊት ናት። የግልገሏን የራጅ ምስል ስታሳየን አጥንቱ ከሥጋው ተለይቶ አይታይም ነበር፤ ጥላ ይመስላል። የተሰበረው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሳይታወቅ ተሰብረው በራሳቸው የገጠሙ ስንጥቆች ነበሩ። ለማዳም በዐረብኛ፣ ለእኔ በእንግሊዝኛ አስረዳች። ሥቃይ ማስታገሻ ወጋቻት። ማከም እችላለሁ፣ ደብቄ መመለስ ግን አልችልም አለች። ማዳም ስልኩን ተቀብላ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም እፍረትም ነበረበት።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች መጡ። ሁለት ናቸው፣ ጨዋዎች። ሣጥን ይዘዋል። ፈይሰል ግልገሏን ሣጥኑ ውስጥ ያስገባት ራሱ ነው፤ ሲያስገባት አለቀሰ። ይወዳት ነበር። ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። ከዚያ ሲወጣ በእናቴ አጠገብ አለፈ፤ አላያትም።

ዶክተር ኢብቲሳም ስንለያይ "ትምህርትሽ ላይ እንዲህ ያለው አለ?" አለችኝ።

"የእንስሳው አለ" አልኳት።

መመለሻ

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አጎቴ ቤት ጠበቅኩ። ሙቀቱ ከቤት አያስወጣም። ዘሀራ ገበያ ስትሄድ አብሬ ወጣሁ፤ ዓሣው በበረዶ ላይ፣ ቴምሩ በየዓይነቱ ነው፤ ምንም አላስደሰተኝም። አጎቴ ከጣሪያ ሲወርድ በየቀኑ "ደወለች?" ይለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት ደወለች።

"ማዳም ኩሽና ድረስ መጥታ አነጋገረችኝ" አለች እናቴ። "የተናገርሽው እውነት ነው አለችኝ። ግን ልጄ አንቺን እያየ እዚህ ቤት አይበላም፣ አባቱም ወስኗል አለች። ኹሩጅ መትተውልኛል።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"ማፊ ሙሽኪላ አልኳት። ችግር የለም ነው እንግዲህ። ሌላ ምን እላለሁ?"

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አጎቴ ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ፊቱን ታጥቦ መጣና "ጠፍታለች አላሉም። በክብር ነው የሸኟት። አልሀምዱሊላህ" አለ።

ልንወስዳት የሄድን ቀን ማዳም አዲስ ሻንጣ ሰጥታታለች። የሚገባትንም ከፍላታለች። እናቴ ሻንጣውን እስከ በሩ ጎትታ ስትደርስ ሉጃይን በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ ወገቧን ያዘች። መቼ ትመለሻለሽ ብላ በዐረብኛ ጠየቀቻት። እናቴ ጎንበስ ብላ ነገ ኢንሻአላህ አለቻት። ልጅቷ አምና ለቀቀቻት። መኪናው ሰፈሩን ጨርሶ እስኪወጣ እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። አውራ ጎዳናው ላይ ስንደርስ በተከፈተው መስኮት ሞቃቱ ንፋስ ሲገባ፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። አጎቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

ከደማም አብረን በረርን። አዲስ አበባ ብርድ ነበር፤ እናቴ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ሹራቤን አለበስኳት። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አረንጓዴውን እያየች ብዙ ጠየቀችኝ፤ ይህ ቤት የማነው፣ ይህ ድልድይ መቼ ተሠራ። አብዛኛውን አላውቅም። መናኸሪያው ላይ ሰኪና ስትጠብቀን እናቴ አላወቀቻትም፤ አልፋት ልትሄድ ስትል ሰኪና እጇን ያዘች።

ቤት

ኮምቦልቻ በገባን ሳምንት ዶክተር ኢብቲሳም መልእክት ላከችልኝ። ግልገሏ ተርፋለች። እግሯ በብረት ታስሯል፣ መራመድ ጀምራለች። ወደ ዱር ግን አትመለስም፤ መሮጥም አትችልም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በግቢ ውስጥ ትኖራለች። አነበብኩላት። እናቴ "ፀሐይ አለው ግቢው?" ብላ ጠየቀች። አለው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ዩኒቨርሲቲ ለምዝገባ ሄጄ አማካሪዬን አገኘሁት። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ሐይቅ ወፎች ነበር፤ ልቀይረው እንደምፈልግ ነገርኩት። በሰው ቤት የታሰሩ የዱር እንስሳትን ስለሚያበሉ የቤት ሠራተኞች መጻፍ እፈልጋለሁ አልኩት። "ይሄ የእኛ ትምህርት አይደለም፣ የሰው ነገር ነው" አለ። እኔም እንደሱ አስብ እንደነበር ነገርኩት። የእንስሳውን በሽታ፣ ሕጉን፣ የሚሻገርበትን መንገድ ተምሬያለሁ። ከእንስሳው አጠገብ የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ፣ እውነቱን ሲናገር ምን እንደሚያጣ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሕጉ ወረቀት ላይ ቢኖርም እንዲሠራ በእናቴ አፍ ማለፍ ነበረበት። አማካሪዬ ወንበሩ ላይ ተደግፎ አሰበና "ጻፊና አምጪ፣ አየዋለሁ" አለኝ።

የዚህን ዓመት ክፍያ እንዴት እንደምንወጣው ገና አላወቅንም። እናቴ የሰፈሩን ልጆች ዐረብኛ ላስተምር ወይስ ሱቅ ልክፈት እያለች ታስባለች። ዘግይቼ ልመረቅም እችላለሁ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ቢወቅሱኝ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ጥናቱን በእሷ ልጀምር ብዬ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ አስቀመጥኩ።

"እሺ፣ እማ" አልኳት። "ኾበር ስትገቢ፣ መጀመሪያ የተሰጠሽ ሥራ ምን ነበር?"

ብዙ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ስልኩን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

"ሌላ ቀን እነግርሻለሁ፣ ሀያቴ" አለችኝ፤ በዐረብኛው ሕይወቴ ማለቷ ነው። "ሁሉንም እነግርሻለሁ። ዛሬ ልተኛ።"

ጋቢ አለበስኳት። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ስልኩን አጠፋሁና ማንም መጥቶ በሩን እንዳያንኳኳ ደጃፉ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።